የሕዝብ ዳርቻ፣ የግል በር፦ በቤይሩት ከኤፕስታይን ጋር የሚደረግ ሙግት

ነጋዴ በሃይማኖቱ ምክንያት ደንበኛ መምረጥ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶው ኬክ ጋጋሪ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔም ተደጋግሞ ተተንትኗል። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው ከአሜሪካዊው የሕግ ምሁር ከሪቻርድ ኤፕስታይን ጋር ነው። እሳቸው በብቸኝነት ገበያውን ካልያዘ በቀር ነጋዴ እንግዳውን ይምረጥ፤ አንዱ በሩን ቢዘጋ ተወዳዳሪው ይከፍታል ባይ ናቸው።

ተወዳዳሪው ግን ቤይሩት ላይ አልከፈተም።

በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻዋ የምትገኘው ሐደት ለሙስሊሞች ቤት መሸጥና ማከራየትን የሚከለክል ውሳኔ ነበራት። በ2019 አንድ ወጣት በኢንተርኔት ያየውን ማስታወቂያ ተከትሎ ሲደውል «ለሙስሊም አይከራይም» ተባለ። ከንቲባው ጆርጅ አውን ውሳኔው በ2010 የተላለፈው የክርስቲያኑን ህልውና ለመጠበቅ ነው ብለው ተከራከሩ። እዚህ ላይ በሃይማኖት ስም የሚናገረው የአንድ አከራይ ሕሊና ሳይሆን መላው ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከተስማማ ደግሞ የሚከፍት ጎረቤት ከየት ይመጣል? ሆኖም የሊባኖስ ሕገ መንግሥት መግቢያ ማንኛውም ሊባኖሳዊ በፈለገበት የሀገሪቱ ክፍል የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የኤፕስታይን ደጋፊዎች «ሐደት ላይ ያጠፋው ማዘጋጃ ቤቱ እንጂ ገበያው አይደለም» ይሉ ይሆናል። መልሱ ከባሕሩ ዳር አለ፤ በዚያ መለያው ሃይማኖት ባይሆንም የተዘጋው በር ያው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ከቃኛቸው 27 የግል የባሕር ዳርቻዎች 17ቱ የአፍሪካና የእስያ የቤት ሠራተኞች እንዳይዋኙ ከልክለው ነበር፤ ያዘዛቸው ማዘጋጃ ቤት አልነበረም። የአሠሪዎቿ ልጆች ሲዋኙ ኢትዮጵያዊቷ ሠራተኛ ፎጣ ይዛ ገንዳው ዳር ትቀመጣለች።

ከሁሉም በላይ የተዘነጋው ግን በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን የወጣው የ1925ቱ ውሳኔ ቁጥር 144 ነው። በዚህ ውሳኔ የክረምት ማዕበል እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ዳርቻ የሕዝብ ንብረት ነው። እዚያ ላይ በር የሚያቆም ሰው የያዘው ማንም ሊተካው የማይችለውን ነገር ነው፤ ስለዚህ ኤፕስታይን ራሳቸው ለብቸኛ አቅራቢ ያስቀመጡት ገደብ ይይዘዋል። በእርግጥ ሁለት ጉዳዮች ብቻቸውን ጠቅላላ ደንብ አያወጡም፤ ሙግቱን ለማፍረስ ግን ይበቃሉ።

የቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 የባሕር ዳርቻዎቹ ደንበኞችን በዘርና በዜግነት እንዳይለዩ መመሪያ ሰጠ። መመሪያ ግን የሕግ ምትክ አይሆንም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 7ም እኩልነትን የሚሰጠው ለሊባኖሳውያን ነው። ሊባኖስ በ1971 የተቀበለችው የዘር መድልዎን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአንቀጽ 5፣ ለሕዝብ ክፍት ወደሆነ ስፍራ የመግባትን መብት ከዘር ልዩነት ይጠብቃል። ፓርላማው ይህን ጥበቃ፣ ሃይማኖትንም ጨምሮ፣ በቅጣት የተደገፈ የሀገር ሕግ ሊያደርገው ይገባል።