ሰባት ከመቶ

እናቴ የዳሌ መገጣጠሚያዋን ልታስቀይር ሆስፒታል በገባች ጊዜ ሐኪሙን የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ትራመድ ይሆን?» እሳቸው ግን፣ «መራመዷስ ትራመዳለች፤ እኔ የምፈራው እንዳያመረቅዝ ነው» አሉኝ። የዚህን ፍርሃት ታሪክ ስከታተል እንግሊዛዊው ሰር ጆን ቻርንሊ ዘንድ ደረስኩ።

ቻርንሊ ይሠራ የነበረው በላንካሻየር፣ ራይቲንግተን በተባለ፣ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ የብረት ራስ በፖሊኢትሊን ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበትን ሰው ሠራሽ ዳሌ ሥራ ላይ አዋለ። ችግሩ ተቃለለ ሲባል ግን ሌላ ጠላት ብቅ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ሕሙማን የሰባት ያህሉ ቁስል አመረቀዘ።

ሰባት ከመቶ ምን አላት የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጀርም ባዕድ አካል ላይ ከተለጠፈ በኋላ መድኃኒት በቀላሉ አይበግረውም። ብዙውን ጊዜ ብረቱ ተነቅሎ ይወጣል። ሊራመድ የመጣ ሰው ብሶበት ይመለሳል ማለት ነው።

ቻርንሊ አየሩን ጠረጠረ። ከሐኪሞችና ከነርሶች ገላ የሚረግፈው ቅርፊት ጀርም ተሸክሞ ቁስሉ ላይ ያርፋል አለ። ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ «ግሪንሃውስ» የተሰኘ ትንሽ ክፍል አሠርቶ የተጣራ አየር ከላይ ወደ ታች ለቀቀበት። ሐኪሞቹንም ትንፋሻቸው በቱቦ ተስቦ የሚወጣበት ልብስ አለበሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ሰባቱ ከመቶ ወደ ግማሽ ከመቶ ግድም መውረዱን አስታወቀ።

ታዲያ ያዳነው አየሩ ነውን? ቻርንሊ በነዚያው ዓመታት ጓንቱንም፣ ልብሱንም፣ የቁስሉን አሰፋፍም ለውጦ ነበር። ይህን ለመለየት በ19 ሆስፒታሎች ከ8,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎች ተጠንተው ውጤቱ በ1982 ወጣ። ቻርንሊም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በተጣራ አየር ማመርቀዙ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ በተሰጣቸው ሕሙማን ዘንድም እንዲሁ አነስ ብሎ ተገኘ። ኋላ የወጡ ጥናቶች ግን የአየሩን ጥቅም አጠራጣሪ አደረጉት። በ2016 የዓለም የጤና ድርጅት፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ሳይሸሽግ፣ ይህ የአየር አሠራር ለዚህ ዓላማ እንዳይውል መከረ። አንቲባዮቲኩን ግን ሥጋው ከመቀደዱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ስጡ አለ።

እንግዲህ ቻርንሊ ከንቱ ደከመ ልንል ነው? እኔስ አልልም። ያመረቀዘበትን ሕመምተኛ ሁሉ ቆጥሮ ባይመዘግብ ኖሮ የሚከራከሩበት ቁጥር እንኳ ባልተገኘ ነበር።

እናቴ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልትገባ ስትል ነርሷ በደም ሥሯ አንድ መድኃኒት ሰጠቻት። ያን ጊዜ ምንነቱን አልጠየቅሁም። አሁን ገብቶኛል።