ቁልቁል የወረደ ውሃ፣ ሽቅብ የተገፋ ውሃ

ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። ማሳዮች ከብቶቻቸውን ያጠጡበት የነበረውን ረግረጋማ ሜዳ «ኤንካሬ ናይሮቢ» ይሉት ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ የነበረው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 እዚህ ሲደርስ፣ መሐንዲሶቹ ዳገቱን ከመውጣታቸው በፊት ሰፈራቸውን የተከሉት ሜዳው ለጥ ያለ፣ ወንዙም ቅርብ ስለነበረ ነው። ለከተማ የሚሆን ቦታ ተጠንቶ የተመረጠ አይደለም። ረግረጉ ለጤና የማይመች መሆኑ ለመታወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወረርሽኝ ገብቶ የሕንዶቹ ገበያ በባለሥልጣናት ትእዛዝ እስከ መቃጠል ደረሰ።

የወንዙ ውሃ ከሰፈሩ ፍሳሽ ጋር መቀላቀል ሲጀምር ከተማይቱ ፊቷን ወደ ኪኩዩ ምንጮች አዞረች። ምንጮቹ ከከተማው ከፍ ብለው ስለሚገኙ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ገብቶ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ሞተር አያስፈልገውም። ኋላ የተሠሩት ትልልቅ ግድቦችም ይህንኑ ሥርዐት ተከተሉ፤ ሩይሩ በ1950፣ ሳሱሙዋ በ1956፣ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ንዳካይኒ ደግሞ በ1994። ሁሉም ውሃቸውን የሚያገኙት ከአበርዴር ደጋ ነው።

አዲስ አበቤ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ውሃ በቧንቧ ሲያስገባ፣ ውሃ ሸለቆ ወርዶ ተመልሶ ኮረብታ ይወጣል ብሎ ያመነ ሰው ጥቂት እንደነበረ ሲተረክ ኖሯል። ምስጢሩ ግን ቀላል ነው፤ እንጦጦ ከግቢው ይበልጣል። መነሻው ከመድረሻው ከፍ እስካለ ድረስ መካከል ላይ ያለው ቁልቁለት ውሃውን አያግደውም። ምንጩ ዝቅ፣ ጠጪው ከፍ ሲል ነው ጉልበት ከሌላ ቦታ መምጣት ያለበት።

ናይሮቢ ውስጥ የዚህን ታሪክ አሳዛኝ ምዕራፍ የያዘው ከላንጋታ መንገድ ዳር የሚገኘው የናይሮቢ ግድብ ነው። በ1953 ሲሠራ ዓላማው ለከተማው የመጠጥ ውሃ ማጠራቀም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የሸራ ጀልባ መንሸራሸሪያ ሆነ፤ በዳርቻውም የጀልበኞች ክበብ ነበረ። ባሕር ላይ የሚጓዝ ትንሽ የሸራ ጀልባ ጨው አልባ ውሃውን በጋን ይዞ፣ ድሮ በእግር ወይም በእጅ በሚገፋ ፓምፕ፣ ኋላም በባትሪ በሚሠራ ባለ 12 ቮልት ሞተር እየሳበ ይጠቀማል። የናይሮቢ ጀልበኛ ይህ ሁሉ አላስፈለገውም፤ የሚጠጣ ውሃ ከታቹ ነበረ። ዛሬ ይህን ለሚሰማ ሰው ተረት ይመስላል። ከበላይ በኩል ኪቤራ ያለ ፍሳሽ መስመር እየሰፋ ሄደ፤ ቆሻሻው ሁሉ በሞቶይኔና በንጎንግ ወንዝ እየተገፋ ግድቡ ውስጥ ገባ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ውሃው በእምቦጭ ተሸፈነ። ይህ አረም በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ የታየው ያው እምቦጭ ነው። ጀልባዎቹም ጠፉ። ጥፋቱን በኪቤራ ድሆች ላይ ብቻ ማላከክ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለዘመናት መጸዳጃ ቤትም የፍሳሽ ቧንቧም የነፈጋቸው የከተማው አስተዳደር ነውና።

ሌላው ለውጥ የመጣው በሕንፃዎቹ ቁመት ነው። አገሬው ኢትዮጵያዊ «ኢስሊ» እያለ የሚጠራው ኢስትሊ ለረጅም ጊዜ የአንድ ፎቅ ቤቶች ሰፈር ነበረ። ከ1991 በኋላ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የመጣው ስደተኛና ነጋዴ ሲበዛበት ቤቶቹ እየፈረሱ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ተተካባቸው። ውሃን 10 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት አንድ ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ ስድስተኛ ፎቅ ለመድረስ ወደ ሁለት ባር ገደማ መሆኑ ነው። የከተማው ቧንቧ ይህን ያህል ግፊት ሁልጊዜ አይሰጥም። እንግዲህ መድኃኒቱ ምድር ቤት ማጠራቀሚያ፣ ጣሪያ ላይ በኢትዮጵያ «ሮቶ» የሚባለው የፕላስቲክ ጋን፣ በመካከላቸውም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሆነ። ከጋኑ ውስጥ የሚንሳፈፈው ኳስ ሲወርድ ሞተሩን ያስነሣል፣ ሲወጣ ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ ውሃው እንደ ጥንቱ በክብደቱ ወደየቤቱ ይወርዳል።

ፓምፕ ውሃን «ይስባል» ማለት ልማድ ሆኖ ነው እንጂ ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ከ10 ሜትር ጥቂት ያለፈ ጥልቀት ቢሆን፣ በናይሮቢ ከፍታ ወደ 8 ሜትር ተኩል፣ በአዲስ አበባ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ለዚህ ነው ከመቶ ሜትር በላይ በሚዘልቁት የናይሮቢ ጉድጓዶች ፓምፑ ታች ውሃው ውስጥ ተቀብሮ ከሥር የሚገፋው። የጉድጓዱም ውሃ ጣጣ አለው፤ ፍሎራይድ ይበዛበታልና፣ የኛን የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ጥርስ የሚያበልዘው ያው ነገር።

ከሁሉ የከፋው ፓምፕን ከማጠራቀሚያ ሳይሆን በቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ነው። በ2003 የተቋቋመው የናይሮቢ ውሃና ፍሳሽ ኩባንያ በ2017 በንዳካይኒ መጉደል ምክንያት ውሃ በፈረቃ ማደል ከጀመረ ወዲህ ፈተናው በረታ። ሞተሩ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲመጥ ጎረቤት ይደርቅበታል፤ ያ ብቻ ሳይሆን ቧንቧው ባዶ ሲሆን በስንጥቁ በኩል ከአጠገቡ የሚያልፈውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይጎትታል። አንዱ ገንዘብ ስላለው ቀድሞ የጠጣው ውሃ ለመንደሩ ሁሉ በሽታ ይሆናል።

ፓምፕ ደግሞ ያለ መብራት ከብረት አይለይም። በነሐሴ 2023 የኬንያ አብዛኛው ክፍል በጨለማ ሲዋጥ፣ የጣሪያ ጋኑ እስኪያልቅ የቆየው ውሃ ካለቀ በኋላ የኪኩዩ ምንጮች ዘመን ሥርዐት አልተመለሰም፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በትከሻ ደረጃ ለደረጃ ወጣ እንጂ።