ቁልፉን የወረሰው እስረኛ

ሮበርት ሙጋቤ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮሎኔል መንግሥቱን ሐራሬ ላይ ያስጠጉት ሽማግሌ ወይም ያ የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት ነው። ሰውየውን ለመረዳት ግን ከእስር ቤት መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩ ሙጋቤ ጥቂት ነጮች ይገዟት በነበረችው ሮዴዥያ ትግሉን ተቀላቀሉና እስከ 1974 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ታሰሩ። ትንሹ ልጃቸው ጋና ውስጥ ሲሞት እንኳ ወጥተው እንዲቀብሩት አልተፈቀደላቸውም። እሳቸው እስር ቤት እያሉ፣ በ1965፣ የኢያን ስሚዝ መንግሥት ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ።

በ1980 ነፃነት መጣ። ቦብ ማርሌ በበዓሉ ላይ ዘፈነ። ሙጋቤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ለነጮቹ ሳይቀር የእርቅ እጃቸውን ዘረጉ፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክም ተስፋፋ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ነበር።

አዋጁ ግን አልተነሳም። የነፃዋ ዚምባብዌ ፓርላማ በየስድስት ወሩ እያደሰ እስከ 1990 አቆየው። ትናንት እሳቸውንና ጓዶቻቸውን ያሰቃየው መሣሪያ አሁን እጃቸው ገባ። ከ1983 ጀምሮ በሰሜን ኮሪያውያን የሠለጠነው አምስተኛ ብርጌድ ማታቤሌላንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጀ፤ ግምቱ እስከ 20,000 ይደርሳል። እንደሳቸው ለዓመታት ታስረው የነበሩት ጆሽዋ ንኮሞ ሳይቀሩ ነፍሳቸውን ለማዳን ለወራት ተሰደዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በ1987 ሥልጣኑ ሁሉ በፕሬዚዳንቱ እጅ ተጠቃለለ። በ2008 ምርጫ በመጀመሪያው ዙር በሞርጋን ቻንጊራይ ተበለጡ፤ ደጋፊዎቹ ሲደበደቡና ሲገደሉ ቻንጊራይ ከሁለተኛው ዙር ወጡ። መልሱ ሁሌ አንድ ነበር፦ አገሪቱን በደማችን ነው ያመጣናት። ውለታው ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ ሆነ።

የራሳቸውን ውለታ ግን መለሱ። ደርግ ታጋዮቻቸውን አሠልጥኖላቸው ነበር፤ በ1991 መንግሥቱ ሲሸሹ ሐራሬ በሯን ከፈተች። የእኛ ፍርድ ቤት በሌሉበት ቢፈርድባቸውም ሙጋቤ አሳልፈው አልሰጧቸውም። የቀይ ሽብር እናቶች የጠበቁት ፍትሕ የሌላ አገር ትግል ውለታ መክፈያ ሆኖ ቀረ።

በ2017 ሙጋቤን ያወረዷቸው የገዛ ጄኔራሎቻቸው ናቸው። ስለዚህ ታጋይ ሥልጣን ሲይዝ ስንት ዓመት እንደታሰረ ብቻ አንጠይቅ። ያሰረውን ሕግ መቼ እንደሚሽረው እንጠይቅ።