የማይታየው ንክሻ

ዓሣ ማጥመድ እንኳ የራሱ ታሪክና ክርክር አለው ብንል የሚስቅብን አይጠፋም። ይሳቅ፤ እኛ እንቀጥል።

እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በ1886 እ.ኤ.አ. ስለ ተንሳፋፊ ዝንብ መጽሐፍ አሳተመ። በላባ የተሸለመው መንጠቆ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ ብቅ ብሎ ሲጎርሰው አጥማጁ በዓይኑ ያያል። በደቡብ እንግሊዝ ወንዞች ይህ ዘዴ ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ።

ነገሩማ ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውኃው በታች ነው። ጠበቃው ስኪውስ በ1910 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ ይዞ ተነሣ፤ ኒምፍን፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣውን ነፍሳት፣ የሚመስል መንጠቆ ይጠቀም ጀመር። ተቃውሞው በረታ። በ1938 ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ለንደን ውስጥ በአጥማጆች ክበብ ቆሞ ተከራከረ።

ታዲያ የማይታይ ንክሻ በምን ይታወቃል? ዓሣው ጎርሶ ወዲያው ይተፋዋል። ዛሬ ብዙዎች ክሩ ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ምልክት ያስራሉ። ጀማሪው ምልክቱ እስኪሰጥም ይጠብቃል፤ እስከዚያ ስንቱ ያመልጠዋል! የለመደው ግን ምልክቱ ቆም ሲል፣ ወደ ጎን ሸርተት ሲል፣ ከውኃው አረፋ ጋር መሄዱን ሲተው ዘንጉን ያነሣል። ድንጋይ ቢሆንስ? ይሁን፤ ምን ይጎዳዋል?

እኛስ፣ የታሪክ ተማሪዎቹ? የተንሳፈፈውን ማንም ያየዋል። ሰነዱ ቆም ያለበትን፣ አንድ ነገር ዘሎ ያለፈበትን ቦታ እንጠርጥር። ብንሳሳት ድንጋይ ነው፤ ዝም ካልን ግን ዓሣው ሄደ።