ዜናው የላስታ፣ ጸሐፊው የሩቅ ሰው

ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ ላስታ ደርሶ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አየ። አይቶ በማድነቅ ብቻ አልተመለሰም። እየዞረ ዓምዱን፣ መስኮቱን፣ ወርድና ቁመቱን መዘገበ። ብዙ ከጻፈ በኋላ ግን ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰጋና ብዕሩን ገታ፤ ያሰፈረው ሁሉ እውነት ለመሆኑም በፈጣሪ ስም ማለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ፤ አውሮፓውያንም ስለ ላሊበላ በዝርዝር ያነበቡት ከእርሱ ነው።

አልቫሬስ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ጭንቀቱ ግን የጋዜጠኛ ጭንቀት ነው። ቦታው ድረስ መሄድ፣ ያዩትን ከሰሙት መለየት፣ ለተጠራጣሪ አንባቢ የሚበቃ ማስረጃ ማቅረብ የሙያው ሀሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት 500 ዓመታት ላስታና አጎራባቾቹ ዓለምን ያነጋገሩ ዜናዎች ፈልቀውባቸዋል። ዜናውን ለዓለም ያደረሰው ግን በአብዛኛው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። የአገሬው ሰው ለምን አልጻፈውም? አንዱ ምክንያት ሳንሱር ነው። ሌላው ብዙም የማይወራለት ሲሆን፣ ጋዜጠኝነትን በአገራችን ከማን እጅ፣ እንዴት ሲማሩት እንደኖሩ የሚመለከት ነው።

መምህራን ዘጋቢ የሆኑበት ዘመን

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ ሲያልቅ ጋዜጦቹ ዝም ብለው ነበር። አዲስ ዘመንም ሆነ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ የሚታዘዙት በማስታወቂያ ሚኒስቴር ስለነበር የወሎ ገበሬ ሞት ገጻቸው ላይ ቦታ አላገኘም። ዝምታውን ከሰበሩት መካከል ጥቂት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ፤ ተማሪውም ተቆጥቶ ተነሣ። በዚያ ዓመት የዘጋቢውን ሥራ የሠሩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው ማለት ይቻላል።

ከወራት በኋላ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሀብ» የተሰኘ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህንኑ ፊልም ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነበር። ያን ጊዜም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ ነው የቀረበው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በረሀቡ ያለቀው ሕዝብ ብዛት በግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል ይባላል። ግምቱ ይህን ያህል የተራራቀበት አንዱ ምክንያት በጊዜው ቦታው ላይ ሆኖ የሚቆጥርና የሚጽፍ ሰው አለመኖሩ ነው።

አሥር ዓመት ቆይቶ ታሪኩ ተደገመ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. የድረሱልን ጥሪ ቢያሰማም የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ተጠምደው ነበር። ከላስታ፣ ከዋግና ከራያ የተፈናቀለው ሕዝብ በወቅቱ በወሎ ሥር ወደነበረችው ኮረም ይጎርፍ ነበር። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረም ላይ የሠሩት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዳሳዩትም ይነገራል።

የአሚን ታሪክ በኮረም አያበቃም። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጣ፤ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞም ካሜራውን አልጣለም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ። ልጁ ሳሊም በአባቱ ስም ናይሮቢ ላይ ባቋቋመው ፋውንዴሽን ለአፍሪካውያን ወጣቶች የቴሌቪዥን ሥልጠና ሰጥቷል። የኮረምን ስቃይ የቀረጸው ሰው ልምድ በዚህ መንገድ ወደ ትምህርት ተለወጠ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ናይሮቢ እንጂ ወሎ አልነበረም።

ጋዜጣው ራሱ ትምህርት ቤት በነበረበት ጊዜ

በኢትዮጵያ የጋዜጠኝነት ሙያ ለረጅም ዘመን የሚለመደው በሥራ ላይ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የዘመኑን ወጣት ምሁራን ጽሑፍ ያስተናግድ ነበር፤ እነርሱም ጽሑፍን ለሕዝብ ማቅረብ የለመዱት እዚያው ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሄራልድም በእንግሊዝኛ ሲከተል የዜና ክፍሉ ራሱ መማሪያ ሆነ። ሄራልድን ለዓመታት በአዘጋጅነት የመራው የጉያና ተወላጁ ዴቪድ ታልቦት ነበር። አዲስ ገቢው የሚማረው አዘጋጁ ጽሑፉን በቀይ ሲሰርዝበት እያየ ነው።

ዕድል የቀናቸው ጥቂቶች ውጭ አገር ሄደው ተማሩ። በዓሉ ግርማ ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነጋሽ ገብረ ማርያምም ጋዜጠኝነትን የተማረው በሞንታና ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱም ተመልሰው በአዘጋጅነት ሠሩ። በእነርሱ ጠረጴዛ ሥር ያለፈ ወጣት ሁሉ ደመወዝ እየተከፈለው የተማረ ያህል ነበር።

ሌላው በር የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ በአያሌ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ጋዜጠኞች ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ተላኩ። የተመለሱት ሰዎች ቴክኒኩን ይዘው ቢመጡም ሳንሱሩ በቦታው ጠበቃቸው። በዓሉ ራሱ «ኦሮማይ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን ካሳተመ በኋላ በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ፤ ከእርሱ ጋር ሊያወርሰው ይችል የነበረ ልምድ ሁሉ ሄደ።

ሙያው ዩኒቨርሲቲ ገባ

አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ። ብዙዎቹን ያዘጋጁ የነበሩት የሙያ ሥልጠና ያላገኙ ወጣቶች ናቸው። ክፍተቱን ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1996 የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዩኒቲ ኮሌጅን የመሰለ የግል ተቋምም ጋዜጠኝነትን ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ድጋፍ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከፈተ።

የዚያ ፕሮግራም አጀማመር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከኖርዌዩ ጊምለኮለን ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር የተቀረጸ ነበር፤ ከውጭ የመጡ መምህራን ያስተምሩበት ነበር፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ በሥራ ላይ ያሉ ጋዜጠኞች ነበሩ። ከመምህራኑ አንዱ የሆነው ቴርዬ ሻርዳል በኋላ ባሳተመው ጥናት «እያስተማርን ያለነው ጋዜጠኝነትን ነው ወይስ አፍሪካዊ ጋዜጠኝነትን?» የሚል ጥያቄ አንሥቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአገሩን የዜና ክፍል፣ የሕዝብ ግንኙነቱን ቢሮ፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበርና የአጥቢያውን አለቃ ጠባይ የሚያውቅ መምህር ከጠፋ የውጭው መጽሐፍ ብቻውን የትም አያደርስም።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኝነት በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። መስፋፋቱ በጎ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር አዛባ። የመምህርነት ማዕረግ የሚሰጠው በዲግሪና በጥናት ኅትመት ነው። ስለዚህ በማዕረግ የተመረቀ ተማሪ አንድም ዜና ሳያሳትም በቀጥታ መምህር ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ዓመት ዜና ሲያሳድድ የኖረው አንጋፋ ግን በሩ ላይ የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ቢበዛ በዓመት አንድ ቀን «እንግዳ ተናጋሪ» ተብሎ ይጋበዛል።

ዲግሪ ያልነበረው ፕሬዚዳንት

ሌላው ዓለም ይህን ሙግት ከመቶ ዓመት በፊት ተሟግቶበታል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ዋልተር ዊሊያምስ የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ሥራ የጀመረው በማተሚያ ቤት ተለማማጅነት ሲሆን የኮሌጅ ዲግሪ አልነበረውም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት መሠረተ። ትምህርት በተጀመረበት በዚያው ቀን፣ ሴፕቴምበር 14፣ ተማሪዎቹ ለከተማው ሕዝብ የሚሸጥ እውነተኛ ጋዜጣ አወጡ። ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1931 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤትም የቆመው የጋዜጣ ባለቤት በነበረው በጆሴፍ ፑሊትዘር ኑዛዜ ነው።

ለዚህ ግን ሚዙሪ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከላስታ በስተ ደቡብ ያለው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ የተበላሸውን ያፈርስበታል፣ የራሱንም ዘርፎ ያሳየዋል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ የሚዘልቀው እንዲህ እየተነቀፈ ነው። ቅኔ የማይቀኝ ሰው የቅኔ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል የሚል ሐሳብ እዚያ ጉባኤ ላይ ቢነሣ ሳቅ ነው የሚሆነው። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ግን ዜና የማይጽፍ የዜና መምህርን እንደ ተራ ነገር ተቀብሎታል።

የዕድሜ ብዛት ብቻውን አይበቃም

ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። በሥራ ላይ የከረመ ሁሉ ጥሩ መምህር አይሆንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ባለሥልጣኑ አሳሰቡ፣ ገለጹ፣ አስገነዘቡ» ሲል የኖረ አዘጋጅ የሚያወርሰው ልማድ ከነበሽታው ነው። አለቃን የመፍራት፣ ራስን በራስ ሳንሱር የማድረግ፣ ስብሰባን እንደ ዜና የመቁጠር አባዜ ከአንጋፋው ወደ ወጣቱ በቀላሉ ይጋባል። ይህን ለይቶ የሚያሳየው ደግሞ ሕግን፣ ሥነ ምግባርን፣ የመገናኛ ብዙኃንን ታሪክና የጥናት ዘዴን የሚያውቀው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ስለዚህ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ማገናኘት ነው የሚበጀው። አንደኛው ተማሪውን ወደ ሜዳ ይዞት ይወጣል፤ ሌላኛው ሲመለስ ያደረገውን ለምን እንዳደረገው ይጠይቀዋል።

ላስታ ለእንዲህ ያለ ትምህርት የተመቸ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት በከፊሎቹ ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎች ቅርሱን ራሱን ይጎዱታል የሚል ስጋት አንሥተው ነዋሪው በ2011 ዓ.ም. ሰልፍ ወጥቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሣይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ መጥተው እርዳታ ቃል ገብተዋል። ከዚያስ በኋላ? የመጠለያው ክብደት፣ የድንጋዩ ስንጥቅ፣ የገንዘቡ አወጣጥ፣ የካህናቱ አስተያየት፣ የምሕንድስና ሰነዱ፣ ሁሉም መጠየቅና መነበብ ያለበት ነው። ይህን የሚከታተል ዘጋቢ ከከተማዋ ቢወጣ ለጉብኝት ከሚመጣ እንግዳ ይልቅ ቅርብም ጽኑም ይሆናል።

ከዚህ የከበደው ፈተና በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በውጭ ያለው የላስታ ተወላጅ ለወራት የኖረው በወሬ ነው፤ እገሌ ሞተ ይባላል፣ ደግሞ ቆይቶ በሕይወት አለ ይባላል። መስመር በተቋረጠበት አገር ወሬን ከእውነት መለየት፣ ሟችን በስም መቁጠር፣ ምስክርን ከበቀል መጠበቅ እንዴት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ጥቂት ነው። የሚያስተምሩት በእንዲህ ያለ ቦታ የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎችም በአገራችን አሉ።

በወሎ ምድር ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም አለ። በባሕር ዳር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን በኩር ጋዜጣን፣ የክልሉን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያቆሙ አንጋፎችም አሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ ተቃርበዋል። የሚያስፈልገው ሕንፃ ወይም ስቱዲዮ አይደለም። ልምድን በማዕረግ ደረጃ የሚቀበል የቅጥር ደንብ፣ አንጋፋው ለአንድ ሙሉ መንፈቅ ዓመት የሚያስተምርበት ውል፣ ተማሪው በየሳምንቱ ለሕዝብ የሚያወጣው ትንሽ ጋዜጣ ወይም የሬዲዮ ሰዓት ይበቃል። የትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ የቅጥር ደንቡን ያሻሽሉ። አንጋፎቹ ከማለፋቸው በፊት ወንበሩ ይሰጣቸው፤ የላስታንም ዜና የላስታ ልጅ ይጻፈው።