የልብ ሕሙማን እንክብካቤና የነርስ ኃላፊነት ዕድገት

በድንገተኛ የልብ ሕመም ሕክምና ታሪክ ውስጥ ዘወትር ጎልተው የሚነሡት መሣሪያዎቹና ሐኪሞቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር፥ ከመሣሪያዎቹ ያላነሰ ለውጥ ያስከተለው አንድ የሥልጣን ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም ሐኪም በሌለበት ሰዓት የታማሚው ልብ ቢቆም፥ ነርስ ምን ታደርግ ዘንድ ይፈቀድላታል? የሚለው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቺካጎው ሐኪም ዶክተር ጄምስ ሄሪክ በ1912 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ልብን የሚመግቡት ኮሮናሪ ደም ቅዳ ቧንቧዎች በረጋ ደም በድንገት ቢዘጉም ሰው በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል አስረዱ፤ የተረፈውም ታማሚ ለቀናት ፍጹም ዕረፍት እንዲያደርግ መከሩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሐኪሞች ይህን ምክር እያራዘሙ እስከ ስድስት ሳምንት አደረሱት። በዚያን ጊዜ የነርስ ተግባር ታማሚውን ማጉረስ፥ ገላውን ማጠብ፥ ያለ ረዳት እንዳይገላበጥም መጠበቅ ነበር። በ1952 ዶክተር ሳሙኤል ሌቪንና ዶክተር በርናርድ ላውን 81 ታማሚዎችን ገና በሕመማቸው የመጀመሪያ ቀናት ከአልጋ አስነሥተው በባለ መደገፊያ ወንበር አስቀመጡ። መቀመጡ እንደተፈራው ጉዳት አለማምጣቱን ስላሳዩ፥ ደም በእግር ሥር እንዲረጋና ወደ ሳንባ እንዲሄድ ምክንያት ይሆን የነበረው የረጅም ጊዜ መኝታ እየቀረ ሄደ።

ድንገተኛው ሞት ግን አልቀረም። ሆስፒታል ከደረሱት ታማሚዎች መካከል ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ይሞቱ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹን የሚገድላቸው የልብ ምት መዘበራረቅ ነው። በ1956 ዶክተር ፖል ዞል ደረት ሳይከፈት ልብን በኤሌክትሪክ ወደ ምቱ መመለስ እንደሚቻል አሳዩ። በ1960 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረትን ከውጭ በእጅ በመጫን ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል ገለጹ። መፍትሔው ተገኘ፤ ነገር ግን የልብ ምት ከቆመ አራት ደቂቃ ያህል ካለፈ አንጎል የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። በሌሊት የተጠራ ሐኪም በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአልጋው አጠገብ መድረስ አይችልም። ሊደርስ የሚችለው በዚያው ያለ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ነርስ ነው።

በ1961 የኤዲንበራው ዶክተር ዴዝሞንድ ጁሊያን እነዚህ ታማሚዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው፥ ምታቸው ሳይቋረጥ እየታየ፥ በሠለጠኑ ሠራተኞች እንዲጠበቁ ሐሳብ አቀረቡ። በ1962 ዶክተር ሂዩዝ ዴይ በካንሳስ ሲቲ ቤታኒ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ክፍል ከፈቱ። በፊላደልፊያ ደግሞ ዶክተር ሎረንስ ሜልትዘርና ነርስ ሮዝ ፒኔዮ የክፍሉ መሠረት ነርስ ናት በሚል እምነት ሥራውን አደራጁ። ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ1965 ያወጡት የነርሶች መመሪያ መጽሐፍ፥ የልብ ምት ሥዕልን ማንበብ፥ አደገኛውን ምት መለየት፥ እርምጃም መውሰድ የነርስ ሥራ መሆኑን አስተማረ። እስከዚያ ድረስ የምት መዘበራረቅን መለየትና በኤሌክትሪክ ማከም የሐኪም ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ክፍሉ በሚገባ በተደራጀባቸው ሆስፒታሎች የሟቾቹ ቁጥር ወደ ግማሽ ያህል ወረደ።

በ1967 ዶክተር ቶማስ ኪሊፕና ዶክተር ጆን ኪምባል በኒውዮርክ የ250 ታማሚዎችን ሁኔታ መርምረው ሕሙማኑን በአራት ደረጃ ከፈሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ከመቶ 6፥ በአራተኛው ከመቶ 81 ሞተዋል። ደረጃውን ለመለየት የሳንባን ድምፅ ማዳመጥ፥ የቆዳን ቅዝቃዜና የደም ግፊትን መመልከት ይበቃል። ስለዚህ የነርስ ጆሮና እጅ ከሞኒተሩ እኩል አስፈላጊ ሆኖ ቀረ።

የቧንቧ ሕክምናውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1929 በጀርመን ኤበርስቫልደ ወጣቱ ሐኪም ቨርነር ፎርስማን ቀጭን ቱቦ በክንዳቸው የደም ሥር አስገብተው ወደ ልባቸው አደረሱ። መሣሪያዎቹን በኃላፊነት ትጠብቅ የነበረችው ነርስ ጌርዳ ዲትሰን፥ ሙከራው በእርሷ ላይ እንዲደረግ ፈቃደኛ ሆና ሳለ፥ እርሳቸው በጠረጴዛ ላይ አስረዋት ቱቦውን በራሳቸው አስገቡት። በ1958 ዶክተር ሜሰን ሶንስ በክሊቭላንድ የኮሮናሪ ቧንቧዎችን በራጅ ለይተው አሳዩ፤ በ1967 ዶክተር ሬኔ ፋቫሎሮ በዚያው የእግር ደም መልስ ቧንቧ ወስደው ለተዘጋው ቧንቧ ማለፊያ ሠሩ። መስከረም 16 ቀን 1977 ደግሞ ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ የጠበበውን ቧንቧ በፊኛ አሰፉ።

ከፊኛው በኋላ ያሉት ሰዓታት የነርስ ሆኑ። ቱቦው የገባበት ብሽሽት እንዳይደማ፥ እግሩ እንዳይታጠፍ፥ የእግሩ ትርታ እንዳይጠፋ፥ ሽንት እንዳይቀንስ መከታተል ያስፈልጋል። የጀርባ ሕመምና የግፊት መውረድ ወደ ውስጥ የሚፈስ ደምን፥ የደረት ሕመም መመለስ ደግሞ የቧንቧውን ዳግም መዘጋት ሊያመለክት ይችላል። በ1990ዎቹ ቱቦውን በእጅ አንጓ ማስገባት ሲስፋፋ የመድማቱ አደጋ ቀነሰ እንጂ ክትትሉ አልቀረም።

ዛሬም ደረቱን አሞት ለመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ሥዕል እንዲነሣለት የሚያዝዘው መመሪያ በአብዛኛው የሚፈጸመው በነርስ እጅ ነው። ያለፉት ስድሳ ዓመታት ለሙያ ባልደረቦች የሚያስተምሩት ግልጽ ነው። ሞኒተር መግዛት ብቻውን ታማሚን አላዳነም፤ ያዳነው በሚገባ የሠለጠነች ነርስ ያየችውን ለይታ እንድትሠራ አስቀድሞ በጽሑፍ የተሰጣት ፈቃድ ነው። ሥልጠናና ፈቃድ ባልተሟሉበት ክፍል ውስጥ አራቱ ደቂቃዎች ሐኪም ሲጠበቅ ያልፋሉ።