ውጅግራና ባለቤቱ

ማረሻ የትም ቢሄድ ማረሻ ነው፤ ምጣድም ምጣድ ነው። ጠመንጃ ግን በአገራችን ያለ ስም አይታወቅም። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባለ በቀረርቶና በፉከራ ሲወደስ ሰምተን ያደግን ብዙዎች ነን። ስሞቹ ከጆሯችን ጋር ከመስማማታቸው የተነሳ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስናቸው የአማርኛ ቃላት ይመስሉናል። ለመሆኑ ውጅግራ ማለት ምን ማለት ነው?

ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፊዚ» ይሉታል። ባዚል ግራ የተባለ የጦር መኮንናቸው ያሻሻለውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ሠራዊታቸው የታጠቀው ጠመንጃ «ፊዚ ግራ» ተባለ። ይኸው ስም ከመርከብ ወርዶ፣ በግመል ጀርባ በረሃውን አቋርጦ ደጋው ላይ ሲደርስ «ውጅግራ» ሆነ። ሰናድር የጃኮብ ስናይደር፣ ለበን የኮሎኔል ለበል ስም ነው። ቤልጅግ ደግሞ የአገር ስም ነው፤ በዚያ አገር ፋብሪካ የተሠራ ማውዘር ማለት ነው። የኛ ሰው የባዕዱን ስም እንደ ገባው አጣፍጦ፣ ግጥም አስገብቶ፣ በመጨረሻ የራሱ አደረገው። እኔ እነዚህን ስሞች እንደ ደረሰኝ ነው የማያቸው። መሣሪያው ከማን እጅ፣ በየትኛው በር፣ በምን ዘመን እንደገባ በስሙ ውስጥ ተጽፏል።

ከእነዚህ በሮች አንዱ መተማ ነው። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ ገንዳ ውሃን አልፎ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ከገላባት ጋር ይገናኛል። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ገንዳ ውሃ፣ ሸኸዲ የሚሏትም አሉ፣ በሰሊጥ የምትታወቅ የቆላ ከተማ ናት። ሙቀቷን ለማያውቅ ሰው መግለጽ ያስቸግራል። አካባቢው ግን ከሰሊጡ በፊት በነፍጥ የሚታወቅ ነው።

የቋራው ካሣ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከዚሁ ቆላ ተነሥተው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ድል የነሳቸው መድፍና ሥርዓት ያለው የእግረኛ ተኩስ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ መድፍ የመሥራት ምኞት አልተዋቸውም፤ ጋፋትም ሴባስቶፖልም የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው። ዕጣ ፈንታ ሆነና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር የገጠማቸው የእንግሊዝ ጦር ሰናድር ይዞ መጣ። ሰናድር ከኋላው የሚጎርስ ነው። ባሩድና እርሳሱን በአፈሙዙ አስገብቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ የሚተኩስ ወታደር አንድ ጊዜ እስኪያጎርስ ሰናድር የያዘው ደጋግሞ ይተኩሳል። እንግሊዞች ሲመለሱ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ ከመድፎች ጋር 850 ያህል ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆነው የነገሡት እኒሁ ካሣ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየደረስን ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ጦር ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰባበረ። ይህ ጦር የታጠቀው ሬሚንግተን የተባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ የጥይቱን ቤት የሚዘጋውን ብረት በአውራ ጣትህ ታንከባልላለህ፣ አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ፣ ትተኩሳለህ። አሸዋ ቢገባበት ግድ የለውም፤ የሚሰበር ነገርም የለው። በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን በምርኮ ለአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ገባ።

በወዲያኛው በኩል ደግሞ በ1876 ዓ.ም. መጀመሪያ ሂክስ ፓሻ የሚመራው 10 ሺህ ያህል የግብፅ ጦር ኮርዶፋን ውስጥ ሸይካን ላይ ከሞላ ጎደል አለቀ። ጠመንጃውን የወሰዱት መሐዲስቶች፣ የኛ ሰው ደርቡሽ የሚላቸው ናቸው። ያም ሬሚንግተን ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዞች ጋር የሒወትን ውል ተዋዋሉ። ውሉ መሣሪያና ጥይት በምፅዋ በኩል ያለ ቀረጥ እንዲያልፍላቸው ይፈቅድ ነበር፤ እርሳቸውም በበኩላቸው በደርቡሽ የተከበበውን የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል ሊያሳልፉ ቃል ገቡ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ በዚህም የደርቡሽን ጠላትነት አተረፉ። ምፅዋን ግን ዓመት ሳይሞላ በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን ያዘው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በዘኪ ጡማል የሚመራውን የመሐዲስቶች ጦር መተማ ላይ ገጠሙ። ምሽጉ በእሾህ የታጠረ ዘሪባ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ከገባና ድሉ በእጁ ከመሰለ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በቁስላቸውም አረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታል። እኔን የሚያስቆዝመኝ ግን የመሣሪያው ነገር ነው። በአጥሩ ውስጥም በአጥሩ ውጭም የነበሩት በአንድ ዓይነት ጠመንጃ ይታኮሱ ነበር። ሁለቱም ከአንድ የግብፅ ግምጃ ቤት የተማረኩ፣ ኢልየን በምትባል የኒው ዮርክ ትንሽ ከተማ የተሠሩ ነበሩ። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ፣ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያኖች የሸዋው ምኒልክ ከአፄ ዮሐንስ ጋር በሚኖራቸው ጠብ ገለልተኛ እንዲሆኑላቸው ሲዋዋሉ ሊሰጡ ቃል የገቡት 5 ሺህ ጠመንጃ እርሱም ሬሚንግተን መሆኑ ነው። አንድ ብረት በሦስት ወገን!

የሬሚንግተን ነገር ከተነሳ አይቀር፣ በአሜሪካ ይህ ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ሌላ መሣሪያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 የወጣው ሞዴል 870 የሚባለው የአደን ጠመንጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ብዙ ፍንጣሪ እርሳስ በአንድ ጊዜ የሚረጭ፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላና ወደ ፊት በመሳብ የሚቀባበል ነው። ከእርሱ በፊት ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1897ቱ ዊንቸስተር ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ስላስመረራቸው ጀርመኖች በ1918 ከጦርነት ሕግ ውጭ ነው ብለው ለአሜሪካ መንግሥት አቤት ብለዋል። አሜሪካዊው ይህን ጠመንጃ ከአባቱ ይወርሳል፤ ዘይት ይቀባዋል፤ ሲቀባበል ስለሚያሰማው ድምፅ ሳይሰለች ያወራልሃል። ኢልየን የነበረው ጥንታዊ ፋብሪካ በ2024 ሲዘጋ ያዘነ ሰው ጥቂት አልነበረም። የፍቅሩ ዓይነት ግን ከኛው ይለያል። የእርሱ ወሬ ስለ ብረቱ ነው፤ ስለ ዓመተ ምርቱ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ እንጨቱ ጥራት።

የኛን ዓይነት ያየሁት እዚያው ገንዳ ውሃ አካባቢ፣ በአንድ ዕድሜ ጠገብ አባት ቤት ነው። ውጅግራው በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ከአልጋው ራስጌ ቆሟል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይሆናል፤ ክብደቱ ከአራት ኪሎ በላይ ነው። ሰደፉ አንድ ጊዜ ተሰብሮ በእርጥብ ጠፍር ተሰፍቶ፣ ጠፍሩ ደርቆ እንደ አጥንት ጠንክሮበታል። በብረቱ ጎን የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ጽሑፍ ይነበባል። አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው፤ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ከአንድ ትውልድ በላይ አልተተኮሰም።

ዕድሜውን ስጠይቃቸው ዓመት አልነገሩኝም። ልጄ፣ ብለው ጀመሩና ማን ከማን እንደማረከው፣ ማን ለማን እንዳወረሰው፣ በጣሊያን ጊዜ ማን ይዞት ጫካ እንደገባ፣ ማን ሲሞት በተዝካሩ ላይ ወደ ሰማይ እንደተተኮሰበት ቆጠሩልኝ። የዋጋ ነገር አንድ ጊዜም አልተነሣም። የሰው ስም በጠመንጃው ላይ እየተደረበ መጥቶ እርሳቸው ላይ ቆሟል። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው።

ውጅግራ ወደ አገራችን በብዛት የገባው ፈረንሳዮች በ1886 ለበንን ታጥቀው አሮጌውን ለገበያ ካወጡት በኋላ ነው። ለበን ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስ፣ ካዝናው ስምንት ጥይት የሚይዝ ስለነበር ውጅግራን በአንድ ሌሊት አስረጀው። አውሮፓ የጣለውን አፍሪካ ቀንድ ላይ የሚገዛ ሞልቶ ነበርና ነጋዴው ሁሉ ወደ ኦቦክና ታጁራ ጎረፈ። ገጣሚው አርተር ሬምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ መጥቷል፤ ያመጣው ግን ከውጅግራም የባሰ አሮጌ ነበር፤ በንግዱም እንዳማረረ ቀረ። ገጣሚ ነጋዴ ሲሆን እንዲህ ነው! ዐድዋ ላይ ግን ውጅግራ ደኅና አድርጎ ሠርቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር። የተተኮሰው ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላል።

መቼም ይህን ሁሉ ስጽፍ ጠመንጃ ሰው መግደያ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። በጦር ሜዳ የተወደሰው መሣሪያ በሰላም ጊዜ በድንበርና በውሃ ጠብ ጎረቤት ገድሏል፤ ደም መላሽ አስነሥቶ ቤት ዘግቷል። ያን ጊዜ ስሙን የሚጠራ አዝማሪ የለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተሰደደ ሰው በመተማ በኩል ሲገባ፣ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወዲህም በክልሉ ግጭት ሰው ሲሞት ያየ ሁሉ ስለ ጠመንጃ ውበት ለመስማት ጆሮ ባይኖረው አይፈረድበትም። ዛሬ የሚታየው ክላሽ ነው። ክላሽን ማንም ይይዘዋል፤ ይገዛል፤ ይሸጣል። እንደ ውጅግራ ሦስት ትውልድ ሲቆጠርለት ግን አልሰማሁም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የቆላው አርበኛ የተነሣው በእነዚሁ አሮጌ ጠመንጃዎች ነው። ከጠላት እየማረከ ነው የተሻለ የታጠቀው። እንግሊዞች በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ገላባትን አስለቅቀው መተማ ላይ ሲገቱ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከመተማ በስተደቡብ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ የአካባቢው ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ሲታኮስ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ሁሉ በኋላ የእነዚህ ጠመንጃዎች መጨረሻ ምን ሆነ? ጥቂቶቹ በሙዚየም ናቸው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በተከፈተው የዐድዋ ድል መታሰቢያም የዚያን ዘመን ነገር የሚያይ ሰው አይጠፋም። ብዙዎቹ ግን በመጋዘን ተከማችተው ኖረዋል። ባለፉት ዓመታት ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ለሰብሳቢዎች ሸጧል፤ ውጅግራውም፣ የጣሊያኑ ካርካኖም፣ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ቤልጅግም አሉበት። በአሜሪካ ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ ቅርስ ነው፤ እንደ ተራ መሣሪያ አይቆጠርም። በኛ አገር ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ከገንዳ ውሃው ሽማግሌ ራስጌ የቆመው ውጅግራ ፍሎሪዳ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከድሮ ሰዓትና ከድሮ ሳንቲም ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ሰብሳቢውን አልወቅሰውም። ባያነሳው ዝጎ ያልቅ የነበረ ብረት ነው፤ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያስቀምጠዋል። የፋብሪካውን ማኅተምና ቁጥሩን ያነባል፤ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ያውቃል። በጠፍር የተሰፋውን ሰደፍና በሽቦ የታሰረውን እንጨት እያየ ግን የማን እጅ እንደ ሰፋው የሚነግረው የለም። እዚህ ደግሞ የሰውየውን ስም እስከ አያቱ የሚቆጥር ሰው አለ፤ ጠመንጃው ግን ውቅያኖስ ተሻግሯል።

ሽያጩን ማንሣት ዛሬ ውሃ ወቀጣ ነው። ገና በየቤቱ ላለው ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። ለመሣሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ዓይነቱና ቁጥሩ ይመዘገባል። በዚያው ወረቀት ላይ ለአሮጌዎቹ አንዲት መስመር ትጨመርላቸው፦ ከማን ተወረሰ፣ እርሱስ ከማን አገኘው?